የጅማ ጥቁር ድንጋይ ወዴት ያመለክታል? የጥንት ማግኔት ናሙና አወሳሰድ ደረጃ በደረጃ

ጅማ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። የቤት መሠረት ነው፣ የአጥር ግንብ ነው፣ ደጃፍ ላይ መቀመጫ ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ቢላ ይሳልበታል። ይህ ድንጋይ በውስጡ ኮምፓስ አለው። ቀልጦ ከምድር ውስጥ ከወጣ በኋላ ሲቀዘቅዝ፣ በዚያን ጊዜ የማግኔት ሰሜን ወዴት እንደነበረ ይዞ ቀርቷል። መዝገቡን ማንበብ የቻለ ሰው አፍሪካ ራሷ ከየት ተነሥታ ወዴት እንደሄደች ማወቅ ይችላል።

መመሪያው የተጻፈው ለጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ ለሳይንስ መምህራንና ነገሩ ለሚያጓጓው ሰው ሁሉ ነው። መለኪያ ማሽን የላችሁም እንበል። ችግር የለም። ግማሹ ሥራ እዚሁ ጅማ፣ በእጅ የሚሠራ ነው። የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ግማሽ ነው። ማሽኑ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ግን ሜዳ ላይ የተሳሳተን ነገር የትም አገር ያለ ማሽን አያስተካክለውም።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን

ጀበናን አስቡ። ሸክላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብረት አዘል ቅንጣቶች አሉ። ሸክላ ሠሪዋ እሳት ውስጥ ስትከተው፣ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አብዛኞቹ ቅንጣቶች የነበራቸውን ማግኔትነት ይረሳሉ። እሳቱ ሲበርድ ደግሞ እያንዳንዷ ቅንጣት የምድርን የማግኔት መስክ ተከትላ ትሰለፋለች። ሰልፉ እንደዚያው ይደርቃል።

ከዚያ ጀበናው ወደ ገበያ ይሄዳል። ይሸጣል፣ ከምድጃ ወደ ረከቦት ይዞራል፣ ቡና ሲቀዳበት ያጎነብሳል። ሰሜኑ ውስጡ አለ፤ ግን ሲተኮስ በየት በኩል ዞሮ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከተሰበረ ጀበና ላይ የጥንቱን መስክ ጥንካሬ መለካት ይቻላል፣ አቅጣጫውን ግን አይቻልም። ከሥሩ ያለው ምድጃ ሌላ ነው። በእሳት የተጠበሰው የምድጃ አፈር ከቦታው አልተነሣም። አቅጣጫውም አብሮት አለ።

ላቫ እንደ ምድጃው ነው። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይፈሳል፣ ይተኛል፣ ይቀዘቅዛል። ባዛልት ውስጥ፣ ማለትም ላቫው ቀዝቅዞ በሚሆነው በዚህ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ፣ ዋናው መዝጋቢ ማግኔታይት የሚባለው ማዕድን ነው። ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ በላይ ምንም አይዝም፤ ከዚያ ሲወርድ መያዝ ይጀምራል። ሄማታይት ለሚባለው ሌላ ብረት አዘል ማዕድን ወሰኑ 680 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ወሰን በፈረንሳዊው ፒየር ኪዩሪ ስም የኪዩሪ ሙቀት ይባላል። ላቫው ካልተነቃነቀ፣ እንደገና ካልጋለ፣ መብረቅም ካልመታው፣ የያዘውን ለሚሊዮኖች ዓመታት ያቆያል።

መስኩ የሚመነጨው ከእግራችን 2,900 ኪሎ ሜትር በታች ከሚጀምረውና ከሚንቀሳቀሰው የቀለጠ ብረት ነው። አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ ዛሬ ወደ ሰሜን የሚያሳየው መርፌ ያን ጊዜ ወደ ደቡብ ያሳይ ነበር። በርናር ብሩን የተባለ ፈረንሳዊ በ1906 እ.ኤ.አ. ይህን አሳየ። ከላቫ ሥር የተጠበሰ ሸክላ ወስዶ ለካ። ሸክላውም ላቫውም ከዛሬው መስክ በተቃራኒ ይጠቁሙ ነበር። ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማ በ1929 እ.ኤ.አ. ግልበጣው በዘመን ተለይቶ እንደሚታወቅ አሳየ። የመጨረሻው ሙሉ ግልበጣ የሆነው ከዛሬ 780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አሁን ያለንበት ዘመን በብሩን ስም ይጠራል።

ጅማ ላይ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ይህን ክፍል ዘልላችሁ እንዳታልፉ አደራ። መመሪያውን የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

የማግኔት አቅጣጫ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ በአግድም ከሰሜን ምን ያህል እንደዞረ የሚናገረው ዲክሊኔሽን ነው። ሁለተኛው መርፌው ወደ ምድር ወይም ወደ ሰማይ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚናገረው ኢንክሊኔሽን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ መርፌ በነፃ ቢንጠለጠል ወደ መሬት በጣም ይደፋል። መስኩ የተገለበጠበት ዘመን ድንጋይ ግን ወደ ላይ ያሳያል። ብሩን ወደ ላይ የሚያይ አቅጣጫ ሲያገኝ ነገሩ ወዲያው አፍጥጦ ታየው።

እኛ ያለነው ምድር ወገብ አጠገብ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ላይ ናት። የማግኔቱ ወገብም፣ ማለትም መርፌ ፍጹም አግድም የሚተኛበት መስመር፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ጅማ ላይ መርፌ ብታንጠለጥሉ አግድም ሆኖ ይተኛል ማለት ይቻላል። የጥንቱ ድንጋይም ዝንባሌው ትንሽ ነው። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ መስኩ የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን በዝንባሌው መለየት አይቻልም። የሚለየው ሰሜንና ደቡብ ብቻ ነው። ሰሜንና ደቡብን የሚነግረን ደግሞ እኛ ድንጋዩ ላይ በእጃችን የምንሥለው ቀስት ነው።

ቀስቱ ከዞረ ታሪኩም ይዞራል። በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መጨረሻው ላይ አሳያለሁ።

ዕቃ ማዘጋጀት

ሙያተኞች አልማዝ ጥርስ ያለው በቤንዚን የሚሠራ መቦርቦሪያ ይጠቀማሉ። በውሃ እየቀዘቀዘ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዱላ መሰል ናሙና ያወጣል። ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ጄሪካን ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ከሌላችሁ የእጅ ናሙናም ይሠራል፤ ከታች የምገልጸው እሱን ነው።

መዶሻና መሮ፣ ድጅኖ፣ ዲግሪ የሚያሳይ ጥሩ ኮምፓስ፣ የግንበኛ ሊቬላ፣ ትልቅ ፕሮትራክተር፣ ክርና ጠጠር ለቱንቢ፣ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ፌስታል፣ የማይለቅ ቀለም ያዙ። ጣውላው ላይ ምስማር እንዳይኖር። ሊቬላውም የፕላስቲክ ይሁን፤ የብረት ከሆነ ኮምፓሱን ያስታል።

ስልካችሁን ለጂፒኤስና ለሰዓት ትፈልጉታላችሁ። ግን ስፒከሩ ውስጥ ማግኔት አለ። ከቨሩ በማግኔት የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ባሰ። ኮምፓስ ስታነቡ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ አይሁን፤ ለጓደኛችሁ ስጡትና ሁለት ሜትር ራቅ ይበል።

ስለ ቀለሙ ከራሴ የደረሰውን ልናገር። መጀመሪያ የወጣሁት ክረምት ላይ ነበር። ድንጋዩ እርጥብ ነበር፤ ቀስቱን በተራ ማርከር ሣልኩ። አሥራ አራት ናሙና በፌስታል አድርጌ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ማታ ከፍቼ ሳይ ፌስታሉ ውስጥ ጥቁር ውሃ ተጠራቅሟል። ድንጋዮቹ ላይ ምንም የለም። አሥራ አራት ጀበና ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መስመሩን መጀመሪያ በመሮ ጫፍ እጭራለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ቀለም የምቀባው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታ መምረጥ

የጅማ ዝናብና ሙቀት ድንጋይን ያበሰብሳል። ያ ለቡና የሚመቸው ቀይ አፈር ራሱ የበሰበሰ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይቱ ዝጎ ወደ ሌላ ማዕድን ተቀይሯል፤ አዲሱ ማዕድን የሚነግረን የዛገበትን ዘመን እንጂ ላቫው የፈሰሰበትን አይደለም። ስለዚህ ትኩስ ስብራት ያለበት ቦታ ፈልጉ። የድንጋይ ካባ፣ አዲስ የተቆረጠ የመንገድ ዳር፣ የወንዝ ወለል ጥሩ ናቸው። ወደ አጋሮ፣ ወደ ቦንጋና ወደ አዲስ አበባ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ስትሄዱ ዓይናችሁን ቁርጦቹ ላይ አድርጉ። በመዶሻ ስትመቱት ደወል እንደሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ድፍን ድምፅ ካሰማ እለፉት።

ቡና ጥላ ሥር የሚገኙት ክብ ክብ ድንጋዮች ያምራሉ፤ ለእጅም ይመቻሉ። አትውሰዷቸው። ተንከባልለው ይሁን ባሉበት ቀርተው ይሁን ማረጋገጫ የለም።

ካባ ውስጥ ከሆናችሁ እዚያ የሚውሉትን ሰዎች ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ጠዋት የትኛው ግድግዳ እንደሚሻል ስመራመር ቆየሁ። ድንጋይ ሲፈልጡ የነበሩ አንድ አዛውንት አዩኝና «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ከተፈጠረ ጀምሮ ያልተነቃነቀ ድንጋይ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ሳይስቁ በእጃቸው አሳዩኝ። «ይሄ ከወለሉ ጋር አንድ ነው፣ ድጅኖም አልነካው። ያ ፊት ለፊት ያለው ግን አምና ክረምት ከላይ ተንሸራቶ የወረደ ነው።» እኔ ሁለቱንም ግድግዳ አንድ አድርጌ ነበር ያየሁት። ፈቃድም ጠይቁ፤ ለካባው ባለቤትም ለቀበሌውም ምን እንደምትሠሩ አስረዱ። ወርቅ የምትፈልጉ እንዳይመስላቸው።

መብረቅን አትርሱ። መብረቅ በአሥር ሺዎች አምፒር የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይዞ ይወርዳል፤ የመታውን አለት በቅጽበት እንደ አዲስ ማግኔት ያደርገዋል። ጅማን በመሰለ ዝናባማ አገር የኮረብታ አናት ብዙ ጊዜ ተመቷል ብላችሁ ያዙ። መፈተኛው ቀላል ነው። ኮምፓሱን ከአለቱ አንድ መዳፍ ያህል አርቃችሁ በዝግታ አንሸራትቱት። መርፌው ትንሽ ብቻ ከተነቃነቀ ደህና ነው፤ ባዛልት ስለሆነ ይጠበቃል። በአንድ ሜትር ውስጥ በአሥር ዲግሪዎች ወዲያ ወዲህ ከወዘወዘ ቦታውን ለቃችሁ ሂዱ። ካባና የወንዝ ወለል የሚመረጡት በዚህም ምክንያት ነው፤ ትናንት ድረስ ከምድር በታች የነበረ አለት መብረቅ አላገኘውም።

አንድ ላቫ የአንድ ቅጽበት ፎቶ ነው። የቀዘቀዘው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። መስኩ ግን በየዘመኑ ይዋዥቃል። አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ «የዘመኑ ሰሜን ይህ ነበር» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከአንድ ላቫ ስድስት እስከ ስምንት ናሙና ውሰዱ፤ እርስ በርስ መስማማታቸውን ታዩበታላችሁ። ከዚያ ሌላ ላቫ፣ ከዚያም ሌላ። ከአሥር በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱን ላቫ ከሌላው የምትለዩት በመካከላቸው ባለው ቀይ ንጣፍ ነው። የታችኛው ላቫ ቀዝቅዞ አፈር ሆኖ ሳለ የላይኛው መጥቶ ጠበሰው። ያንን የተጠበሰ አፈር ካገኛችሁ ከእሱም ውሰዱ። አፈሩና ከላዩ ያለው ላቫ አንድ አቅጣጫ ከሰጡ መዝገቡ ያልተነካ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር አታገኙም። ብሩን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቀስቱን መሣል

ድንጋዩን ገና አትፈንቅሉት። ሁሉም ልኬት የሚወሰደው ድንጋዩ በቦታው ሳለ ነው።

ጠፍጣፋ ፊት ያለው፣ መጠኑ እንደ ሁለት ጡብ የሚሆን፣ ስንጥቅ ከበውት በድጅኖ ሊነሣ የሚችል ቁራጭ ምረጡ። ፊቱ ወደ እናንተና ወደ ላይ ያዘነበለ ይሁን። ሊቬላውን ፊቱ ላይ አስደግፉና አረፋው መሐል ሲገባ ጠርዙን ተከትላችሁ መስመር ጫሩ። መስመሩ ፍጹም አግድም ነው። አሁን ቀስቱን በየትኛው ጫፍ ላይ እናድርግ? ደንቡ ይኸው፦ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ስታዩ የድንጋዩ ፊት ወደ ቀኝ እጃችሁ መውረድ አለበት። ከመስመሩ ወደ ታች፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ ሦስት አጫጭር ጭረቶች ጨምሩ። ቀስቱ ቢጠፋ እንኳ ጭረቶቹ ይመሰክራሉ።

በመቀጠል ሁለት ቁጥር ይለካል። ቁልቁለቱ ስንት ዲግሪ ነው? ፕሮትራክተርና ቱንቢ ይበቃል። ቀስቱስ ከሰሜን ስንት ዲግሪ ዞሯል? እዚህ ላይ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አታስቀምጡ። የምታጠኑት ነገር ራሱ ማግኔት ነው። ጣውላውን በቀስቱ መስመር ላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡና ኮምፓሱን በሩቁ ጫፍ ላይ አንብቡ። ከዚያ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሄዳችሁ በዚያው መስመር አነጣጥራችሁ ድገሙት። ሁለቱ ንባቦች ከሁለት ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ኮምፓሱን ማመን አቁሙ።

ያን ጊዜ ፀሐይ አለች። ጣውላውን በሊቬላ አስተካክላችሁ አግድም አድርጉት። ቱንቢውን ከላዩ አንጠልጥሉ። የክሩ ጥላ ጣውላው ላይ ያርፋል። ጥላው ከቀስቱ መስመር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ለኩ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ጻፉ፤ የጂፒኤስ ቁጥሩንም ጻፉ። ፀሐይ በዚያች ደቂቃ የት እንደነበረች በኋላ በስሌት ይገኛል። ማግኔት የሚባል ነገር ስለሌለበት ፀሐይ አትታለልም።

ጅማ ላይ ግን ሰዓት መርጣችሁ ተጠቀሙ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ድንቅ ነው። ጥላው ረጅም ነው፤ አቅጣጫውም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሰዓታችሁ በሁለት ደቂቃ ቢሳሳት ብዙም አይጎዳም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ያጥራል፣ አቅጣጫውም በፍጥነት ይሸሻል። በጅማ ያ ሰዓት 6፡00 ሳይሆን 6፡30 አካባቢ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከጅማ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ልክ በአናታችሁ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ከ5 እስከ 8 ሰዓት ቡና ጠጡ፤ አትለኩ።

ሰማዩ ዝግ ከሆነስ? ከርቀት የሚታይ የታወቀ ነጥብ ፈልጉ፦ ሚናራ፣ የቴሌ ማማ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። የእናንተንና የነጥቡን የጂፒኤስ ቁጥር ካወቃችሁ በመካከላችሁ ያለው እውነተኛ አቅጣጫ በስሌት ይገኛል። ከዚያ ቀስቱን ከዚያ መስመር አንጻር ትለካላችሁ። ነጥቡ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅ ስህተቱ ያንሳል።

የላቫው ንጣፍ ራሱ አዘንብሎ እንደሆነም ለኩ። የጅማ ንጣፎች ብዙ ጊዜ ተኝተው ነው የሚታዩት፤ ቢሆንም «ተኝቷል» ብሎ በዓይን መገመት አይበቃም። በቀዩ ንጣፍ ላይ ሊቬላ አድርጉ። አምስት ዲግሪ ማዘንበል ሌላ ቦታ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መልስ ራሱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ እዚህ ቀላል አይደለም።

መፈንቀልና መያዝ

ፎቶ አንሡ፤ ቀስቱ፣ ቁጥሩና ሰሜንን የሚያሳይ እርሳስ በአንድ ፎቶ ይግቡ። ከዚያ በድጅኖ ፈንቅሉ። በኃይል አትደብድቡት፤ ጠንካራ ምት ደካማ ቅንጣቶችን ሊያናጋ ይችላል። ቁጥሩን ድንጋዩ ላይም ፌስታሉ ላይም ጻፉ። መኪና ውስጥ ከስፒከር አጠገብ አታስቀምጡት። ቤት ስትገቡም ከጄኔሬተር፣ ከሬዲዮና ከምድጃ አርቁት።

ክፍል ውስጥ ለተማሪ ማሳየት የምትፈልጉ መምህራን፣ ለዚህ የሚሆን አንድ ትኩስ የባዛልት ቁራጭ ለብቻ ያዙ። ኮምፓስ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። መርፌው እስኪረጋ ጠብቁ። ድንጋዩን በስተምሥራቅ በኩል ቀስ እያላችሁ እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር አስጠጉት። መርፌው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ይነቃነቃል። ከዚያ ድንጋዩን ባለበት ሌላውን ፊቱን አዙሩለት። መርፌው ወደ ተቃራኒው ከሄደ ድንጋዩ እንደ ተራ ብረት መርፌውን እየሳበ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ሰሜንና ደቡብ አለው። እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ማየት ይጠይቃል። አንድ ተማሪ ያየ ቀን ግን ሌሎቹ ሁሉ ይሰለፋሉ።

ላቦራቶሪ ውስጥ

ይህን ባጭሩ ልለፈው፤ በእጃችሁ የምትሠሩት አይደለም። ናሙናው 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሆኖ ይቆረጣል፤ ቀስቱ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ እንዳለ ይሣላል። ማሽኑ አቅጣጫና ጥንካሬውን ይለካል። የመጀመሪያው ልኬት ግን ድብልቅ ነው፤ የጥንቱ ከታች፣ በኋላ የተደረበው ከላይ። ስለዚህ ናሙናው መስክ በሌለበት ምድጃ ውስጥ 100፣ 200፣ 300 እየተባለ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይለካል፤ እስከ 580 ድረስ። በየደረጃው የቅርቡ ይራገፋል፣ የጥንቱ ይቀራል። በሙቀት ፋንታ ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ የሚጠቀሙም አሉ። መጨረሻ ላይ በየደረጃው የተለኩት ቁጥሮች በሥዕል ላይ በነጥብ ይቀመጣሉ፤ ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ዜሮ ካመሩ ያ አቅጣጫ የመጀመሪያው ነው። ከተጠማዘዙ ናሙናውን ጣሉት፤ መጣሉ ቢያሳዝንም።

ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የፈቃዱን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንጋይ ጭኖ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማስረዳት አይመከርም።

ስሌቱ

ስምንት አቅጣጫ አገኛችሁ እንበል። አማካይ እንዴት ይወሰዳል? በትምህርት ቤት እንደለመድነው ደምሮ ማካፈል እዚህ አደገኛ ነው። አንዱ ናሙና 350 ዲግሪ፣ ሌላው 10 ዲግሪ ቢያሳይ ሁለቱም ወደ ሰሜን ናቸው። ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ 180 ይመጣል፤ ደቡብ! መስኩ ሳይገለበጥ እናንተ ገለበጣችሁት። ስለዚህ እያንዳንዱን አቅጣጫ በሰሜን፣ በምሥራቅና ወደ ታች በሦስት ክፍል ዘርዝሩ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ደምሩ፣ ከድምሩ አቅጣጫውን መልሱ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1953 እ.ኤ.አ. የስህተቱን መጠን በዚህ መንገድ እንዴት እንደምንገምት አሳይቷል፤ ዛሬም ሁሉም የሚጠቀመው የእሱን ነው።

ከዚያ ኬክሮሱ፣ ማለትም ቦታው ከምድር ወገብ በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ፣ ይመጣል። ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦ የኢንክሊኔሽኑ ታንጀንት የኬክሮሱን ታንጀንት ሁለት እጥፍ ያክላል። በዛሬዋ ጅማ እንሞክረው። የ7.7 ዲግሪ ታንጀንት 0.135 ነው፤ እጥፉ 0.27፤ ይህ የ15 ዲግሪ ታንጀንት ነው። ማለትም መስኩ ለሺዎች ዓመታት ቢመዛዘን ጅማ ላይ መርፌ 15 ዲግሪ ይደፋ ነበር። ዛሬ ግን አግድም ተኝቷል። ልዩነቱ ቅድም ያልኩትን መዋዠቅ በዓይን ያሳያል፤ የዛሬውን አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ኬክሮስ የሚያሰላ ሰው ጅማን ምድር ወገብ ላይ ያስቀምጣታል። ብዙ ላቫ ውሰዱ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል የካባችሁ አማካይ ዲክሊኔሽን 0፣ ኢንክሊኔሽን ከዜሮ በታች 7 ሆነ እንበል፤ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ላይ። የ7 ታንጀንት 0.123፣ ግማሹ 0.061፣ ኬክሮሱ 3.5 ዲግሪ ደቡብ። ያ ላቫ ሲፈስ ይህ ቦታ ከምድር ወገብ በታች ነበር ማለት ነው። ከዛሬው ጋር ያለው ልዩነት 11.2 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 1,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ተጉዟል። ቁጥሩን ለማስተማሪያ ያህል ነው የወሰድኩት፤ አካሄዱ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያለው ግዙፍ የባዛልት ክምር አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው፤ በአገሪቱ ደቡብ እሳተ ገሞራው ከዚያም ቀድሞ፣ ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሯል። ከዚያ ክምር የተለኩ አቅጣጫዎች አፍሪካ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ወደ ሰሜን መጓዟን ይናገራሉ።

ቀስቱ ተገልብጦ ቢሆንስ? ቃል የገባሁት እዚህ ላይ ነው። ያው ድንጋይ፣ ያው ማሽን፣ ግን ሜዳ ላይ ቀስቱን በተሳሳተው ጫፍ ሣላችሁ፤ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁት የትክክለኛውን ጫፍ አቅጣጫ ነው፣ የድንጋዩም ፊት ተኝቷል ለማለት ይቀርባል እንበል። ዲክሊኔሽኑ 180 ይሆናል፤ ኢንክሊኔሽኑ ያው ከዜሮ በታች 7። ስታዩት «መስኩ የተገለበጠበት ዘመን ነው» ትላላችሁ። ወደ ዛሬው ለመመለስ ትገለብጡታላችሁ፤ ዲክሊኔሽን 0፣ ኢንክሊኔሽን ወደ ታች 7 ይሆናል። ኬክሮሱ 3.5 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል። በአንድ ጭረት ሁለት ስህተት፤ ዘመኑም ተገለበጠ፣ አህጉሩም ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተዛወረ። ምድር ወገብ አጠገብ የሚሠራ ሰው ለዚህ ነው ቀስቱን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሰው ዓይን የሚያየው። አንዱ ይሥላል፣ ሌላው ደንቡን ጮክ ብሎ እያለ ያረጋግጣል። «ወደ ቀስቱ ሳይ ወደ ቀኝ ይወርዳል?» «ይወርዳል።» ከዚያ ብቻ ይጻፋል።

ከዘመን ጋር ማያያዝ

ማግኔት ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ሰሜን የሚል ቅደም ተከተል ይሰጣል። ድንጋዩ ውስጥ ከሚጠራቀመው አርጎን ከሚባል ጋዝ የሚሰላ አንድ እውነተኛ ዕድሜ ከተገኘ ግን ቅደም ተከተሉ ከዓለም አቀፉ የግልበጣ ሰሌዳ ጋር ይገጥማል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት ጥምረት ነው፤ በዚያ ዘመን የሆነ አንድ ግልበጣ ደለሉ ውስጥ ተመዝግቦ ነበር። እዚያው አፋር ደግሞ ዲክሊኔሽኑ ሌላ ነገር ተናግሯል። ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ላቫዎች ሰሜናቸው ወደ ቀኝ 11 ዲግሪ ያህል ዞሮ ተገኘ። መሬቱ ራሱ ነው የዞረው።

ጅማ ላይ ከታች ወደ ላይ የምትወጡትን እያንዳንዱን ላቫ ተራ ቁጥር ስጡ፤ ውፍረቱን ለኩ፤ ቀይ ንጣፍ ካለ መዝግቡ። አንዱን ከዘለላችሁ ቅደም ተከተሉ አይገጥምም።

ደብተራችሁ ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ጥሬው ቁጥር ነው፦ ኮምፓሱ ያነበበው፣ የጥላው ማዕዘን፣ ሰዓቱ፣ ቁልቁለቱ። ያሰላችሁትን ከጎኑ ጻፉ እንጂ በላዩ ላይ አትጻፉ። ከካባው ሳትወጡ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሡ። የጎደለ ቁጥር ካለ እዚያው ሆናችሁ ሙሉት። ያ የለካችሁት ግድግዳ በሚቀጥለው ወር የአንድ ሰው ቤት መሠረት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።